ፀሐይ የበዛበት ዓመት ሁሉ ጥሩ ዓመት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቀይ ወይን ጠጅ ዓመታትን በኮከብ ደረጃ ያወጣችሁበት ሰንጠረዥ ለማየት ያምራል፤ መነሻው ግን የተሳሳተ ነው። በሰንጠረዡ አካሄድ ፀሐይ የበዛበት ዓመት ጥሩ፣ ዝናብ የበዛበት ዓመት ደካማ ወይን ጠጅ ይሰጣል፤ ገዢም ጠርሙሱ ላይ የታተመውን ቁጥር አይቶ ይፈርዳል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የወይን ገበሬ ሥራ ሰማይ እያዩ መቀመጥ በሆነ ነበር። በአንድ አጥር የሚዋሰኑ፣ አንድ ዝናብ የዘነበባቸው ሁለት እርሻዎች ጨርሶ የማይመሳሰል ወይን ጠጅ ሲያወጡ በየዓመቱ ይታያል። መቼ ተገረዘ? አፈሩ ስንት ውኃ ይዟል? የትኛው ቅጠል ተነሣ? በየትኛው ቀን ተለቀመ? ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከታች የማነሣቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወራቱም የሰሜን ንፍቀ ክበብ ናቸው፣ ጸደይ ስል ከማርች እስከ ሜይ፣ በጋ ስል ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን ማለቴ ነው፤ ለደቡቡ ስድስት ወር ማዞር ይበቃል።

ከቁጥሩ ልጀምር። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድን ዓመት ጠርሙስ ላይ ለማተም ከይዘቱ 85 በመቶው የዚያ ዓመት ወይን ከሆነ ይበቃል። በአሜሪካ እንደ ናፓ ቫሊ ያለ በሕግ የተከለለ የወይን አካባቢ ስም ለያዘ ጠርሙስ 95 በመቶ፣ የክፍለ ግዛት ወይም የካውንቲ ስም ብቻ ለያዘ 85 በመቶ ይጠየቃል። እንግዲህ ደካማ ዓመት ከሌላ ዓመት በተረፈ ጥሩ ወይን ጠጅ በጥቂቱ ሊደገፍ ይችላል፣ ያውም በሕጋዊ መንገድ። ኮከቡ ይህን አያሳይም።

ዓመቱ ቡቃያ ሲወጣ ይጀምራል ብሎ ማሰብም አያስኬድም። ዘንድሮ የሚወጣው ዘለላ ቁጥር በአብዛኛው የሚወሰነው አምና ነው። በአበባ ሰሞን በለጋው ቅርንጫፍ ላይ ባለ እያንዳንዱ ዓይን (ቡቃያ የሚወጣበት እብጠት) ውስጥ የመጪው ዓመት ዘለላ በአጉሊ መነጽር ብቻ በሚታይ መጠን መሠራት ይጀምራል። ያ ሰሞን ሞቅ ያለና ብርሃን የበዛበት ከሆነ ዓይኑ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ዘለላ ይይዛል፤ ብርድና ደመና ከሆነ አንድ ይይዛል ወይም ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ አንድ የቀዘቀዘ ጁን ሁለት መከር ይጎዳል፤ የዘንድሮውን አበባ ያረግፋል፣ የከርሞውን ዘለላ ያሳንሳል። ጠንቃቃ ገበሬ ከመግረዙ በፊት ከየማሳው ጥቂት ቅርንጫፎች ወስዶ ዓይኖቹን በምላጭ ሰንጥቆ፣ በአጉሊ መነጽር ዘለላውን ይቆጥራል። ቁጥሩ ካነሰ በየግንዱ ሁለት ሦስት ዓይን አስተርፎ ይገርዛል። ይህን ሳያይ በልማድ የገረዘ ሰው በማርች ቆርጦ የጣለውን በሴፕቴምበር ሲፈልግ አያገኘውም።

የመግረዣው ቀንም ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። የወይን ዓይን የሚነቃው የቀኑ አማካይ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ነው። ዘግይቶ የተገረዘ ግንድ ቀደም ብሎ ከተገረዘው በአንድ ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ይነቃል፤ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያሉት ዓይኖች ቀድመው ስለሚነቁና የታችኞቹን ስለሚይዟቸው ነው። ስለዚህ ብርድ አየር የሚተኛበት ዝቅ ያለ ማሳ መጨረሻ ላይ ይገረዛል። ሠራተኛ የሚበቃው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይገርዛል፤ በብርዱ ወቅት ቅርንጫፉን ረዘም አድርጎ ይተውና ጫፉ ሲያቆጠቁጥ ተመልሶ ሁለት ዓይን ላይ ያሳጥረዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለውርጭ ነው። የተኛ ዓይን ብዙ ብርድ ይችላል፤ የወጣ ለምለም ቡቃያ ግን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ላይ ይጠቁራል። በኤፕሪል 2021 የፈረንሳይን የወይን አገሮች የመታው ውርጭ ያን ያህል ጥፋት ያደረሰው የማርች መጨረሻ ሞቃት ሆኖ ቡቃያውን ቀድሞ ስላወጣው ነው። መከላከያዎቹ የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ውኃ በመርጨት መከላከል የሚቻለው ውኃው ወደ በረዶ ሲለወጥ በአንድ ግራም 80 ካሎሪ ገደማ ሙቀት ስለሚለቅ ነው። ለዚህም በሰዓት ለአንድ ሄክታር ከ30 እስከ 40 ሜትር ኩብ ውኃ ሳይቋረጥ መርጨት ያስፈልጋል፤ ፀሐይ ወጥታ በረዶው በራሱ መቅለጥ እስኪጀምርም አይቆምም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፓምፑ ከቆመ እርጥቡ ቡቃያ በትነት የበለጠ ስለሚቀዘቅዝ ጭራሽ ካልተረጨው የባሰ ይጎዳል። የፓራፊን ጣሳ የሚያነድ ሰው ለአንድ ሄክታር ከ300 እስከ 500 ጣሳ ይፈልጋል። የንፋስ ማማ (ከፍ ብሎ የተተከለ አየር የሚያዘዋውር ትልቅ ማራገቢያ) የሚሠራው ከላይ ሞቅ ያለ አየር ተኝቶ ከሆነ ብቻ ነው፤ ነፋስ ይዞት የመጣ ብርድ ከሆነ ያንኑ ብርድ መልሶ ከማዘዋወር በቀር አይፈይድም። ከማሳው ሣር ማጨድና አፈሩን ሳይገለብጡ እርጥብ አድርጎ ማቆየት ደግሞ ርካሽ ቢመስልም ሌሊቱን በአንድ ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ያቺ አንድ ዲግሪ ብዙ ናት።

ውርጭ ከመታ በኋላ የሚመጣው ችግር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ከሞተው ዓይን ጎን ያለው ተጠባባቂ ዓይን ይወጣል፤ ዘለላው ጥቂት ነው፣ ከሌላውም ሁለት ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ግንድ ሁለት ዕድሜ ያለው ፍሬ ይሸከማል ማለት ነው። ፍሬው ቀለም በሚይዝበት ጊዜ የዘገየው ላይ ምልክት አስሮ በሁለት ዙር ያልለቀመ ሰው የበሰለውንና ጥሬውን አንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይጨምራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለየው የለም።

አበባው ከ10 እስከ 14 ቀን ይቆያል። ደረቅና ከ20 እስከ 25 ዲግሪ የሆነ አየር ይወዳል። ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድና ሲዘንብ አበባው ሳይዳቀል ይረግፋል፤ ወይም ዘለላው ውስጥ ትልልቅ ፍሬና ዘር የሌለው የሚጥሚጣ ያህል ፍሬ ይቀላቀላል። ሜርሎ ለዚህ በጣም የተጋለጠ ዝርያ ነው። በ1984 ቦርዶ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን አገር ሜርሎ በአበባ መርገፍ ክፉኛ በመመታቱ የዚያ ዓመት ወይን ጠጅ ካበርኔ ሶቪኞ የሚባለው ሌላ ዝርያ ከወትሮው በላይ የበዛበት ሆነ። በአንጻሩ በ1961 የጸደይ ውርጭና የአበባ መርገፍ የቦርዶን ምርት አሳንሰውት ሳለ፣ ከዚያ በኋላ ደረቅና ሞቃት በጋ በመምጣቱ የተረፈው ጥቂት ዘለላ በክፍለ ዘመኑ ስመ ጥር ከሆኑት ወይን ጠጆች አንዱን አወጣ። የአበባ መርገፍ በሽታም በረከትም የሚሆነው ቀጥሎ በሚመጣው ነገር ነው። በእጅ የሚሠራ ጥቂት መፍትሔ አለ፤ አበባው በሚከፈትበት ሰሞን የቅርንጫፉን ጫፍ መቁረጥ የተክሉን ኃይል ከቅጠል ወደ አበባ ይመልሳል። የናይትሮጅን ማዳበሪያ ያበዛ ሰው ግን ኃይሉ ሁሉ ቅጠል ላይ ሄዶበት አበባው ይረግፍበታል።

አበባ ካለፈ በኋላ ባሉት አርባ ቀናት ውስጥ ከሚደረጉት ሥራዎች ሁሉ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለቅጠል ማንሣት ነው። ካበርኔ ሶቪኞ፣ ካበርኔ ፍራንክ፣ ሜርሎና ካርሜኔር ጥሬ ቃሪያ ቃሪያ የሚል ሽታ የሚሰጥ ሜቶክሲፒራዚን የሚባል ውሕድ አላቸው። መጠኑ የሚለካው በሊትር በናኖግራም ሲሆን ቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ናኖግራም ሲደርስ አፍንጫ ያገኘዋል። ውሕዱ የሚከማቸው ፍሬው ቀለም ከመያዙ በፊት ነው፤ በዚያን ጊዜ ብርሃን ያገኘ ዘለላ ያነሰ ያከማቻል። በቀዝቃዛ ዓመት «ፍሬው አልበሰለም» የሚባለው ወይን ጠጅ ብዙ ጊዜ ችግሩ በሴፕቴምበር የጠፋ ፀሐይ ሳይሆን በጁን ያልተነሣ ቅጠል ነው። በኦገስት መጨረሻ ደንግጦ ቅጠል የሚያራግፍ ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ቃሪያው እንደሆነ አስቀድሞ ተከማችቷል፣ ጥላ የለመደው ልጣጭ ደግሞ በድንገተኛ ፀሐይ ይቃጠላል።

የትኛው ጎን ይነሣ የሚለውም አለ። መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ከሆነ በምሥራቁ በኩል፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ጎን፣ ዘለላው ዙሪያ ያሉት ቅጠሎች ይነሣሉ፤ የከሰዓቱ ጎን ይተዋል። በቀጥታ ፀሐይ ያረፈበት ጥቁር ፍሬ ከአየሩ በ10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃል፤ አየሩ 38 ሲሆን ልጣጩ ወደ 50 ይጠጋል ማለት ነው። የተቃጠለ ፍሬ ቀለሙ ቡናማ፣ ጣዕሙ መራራ ይሆናል። ቅጠል በአጠቃላይ ጠላት አይደለም፤ አንድ ኪሎ ፍሬ ለማብሰል አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ቅጠል፣ በአንድ ቅርንጫፍ ደግሞ ከ12 እስከ 15 ጤናማ ቅጠል ያስፈልጋል። ከዘለላው በላይ ያለው ፋብሪካ ነው፤ የሚነሣው ዘለላውን የከበበው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ውኃ። የእናንተ ሰንጠረዥ የዓመቱን ዝናብ ደምሮ በአንድ ቁጥር አስቀምጦታል፤ ይህ ቁጥር ለወይን ምንም አይነግርም። ዋናው ነገር ዝናቡ የመጣበት ጊዜ ነው። በቦርዶ 2016ን ተመልከቱ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ግማሽ ከወትሮው እጅግ የበዛ ዝናብ የነበረበት ነው፣ ከጁን አጋማሽ በኋላ ግን ደረቀ፣ ድርቁም እስከ ሴፕቴምበር ዘለቀ። አፈሩ በጸደይ የጠጣው ውኃ ግንዱን በድርቁ ውስጥ አሻገረው፤ በሴፕቴምበር አጋማሽ የመጣው ዝናብ ደግሞ የደከመውን ቅጠል አነቃው። ውጤቱ ከዘመኑ ምርጦች አንዱ ሆነ። ያንኑ ዝናብ በኦገስትና በሴፕቴምበር ብታወርዱት የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፤ የቦርዶ 2013 በቀዝቃዛና ዝናባማ ጸደይ አበባው ተበላሽቶ፣ በመከር ሰሞንም ሻጋታ አስገድዶ ያስለቀመ ቀጭን ዓመት ነበር።

ቀይ ወይን መጠነኛ ጥም ይወዳል፤ ጥሙ የሚፈለገው ፍሬው ገና ጠጣርና አረንጓዴ ከሆነበት ጊዜ አንሥቶ ቀለም እስኪይዝ ነው። በዚያን ጊዜ ውኃ ያጠረው ፍሬ ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ትንሽ ፍሬ ለጭማቂው መጠን ብዙ ልጣጭ አለው፤ ቀለሙና አፍ የሚያኮማትረው ታኒን በብዛት ያለው ልጣጩ ላይ ነው። የቅርንጫፉ ጫፍ ማደጉን ማቆሙ ጥሩ ምልክት ነው። መለኪያ ያለው ሰው ቅጠሉን በከረጢት ሸፍኖ ቆይቶ በግፊት መለኪያ ቀትር ላይ ያየዋል፤ ከ10 እስከ 12 ባር መጠነኛ ጥም ነው፣ ወደ 15 ባር ሲያልፍ ቅጠሉ ቀዳዳውን ዘግቶ ስኳር መሥራት ያቆማል፣ የታችኞቹ ቅጠሎችም ቢጫ መሆን ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ ፍሬው የሚጣፍጠው እየበሰለ ሳይሆን እየጠወለገ ነው። በመስመሮቹ መካከል የሚበቅለው ሣር ይህን ለማስተካከል ይረዳል፤ ዝናብ በበዛበት ዓመት ከወይኑ ጋር እየተሻማ ውኃ እንዲጠጣ ይተዋል፣ በደረቅ ዓመት በሜይ ይታጨዳል ወይም ይታረሳል። የሥር ግንዱ (ወይኑ የሚዳቀልበት ሥር ያለው ግንድ) ምርጫ ግን ከተከላው በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። 110 ሪክተር የሚባለው ድርቅ ይችላል፤ ሪፓሪያ ግሉዋር ደግሞ ሥሩን ከላይ ከላይ ዘርግቶ ፍሬውን ቶሎ ያበስላል፣ በድርቅ ግን ቀድሞ ይወድቃል።

የኮከብ ደረጃ ከንቱነት በደንብ የሚታየው በ2003 ነው። የዚያ ዓመት ኦገስት በአውሮፓ የሰው ሕይወት የቀጠፈ ሙቀት ነበር፤ ቡርጎኝ በሚባለው ሌላው የፈረንሳይ የወይን አገር ለቀማው በኦገስት ተጀመረ፤ ፍሬው ኮምጣጣነቱን ስላጣም የአውሮፓ ኅብረት አሲድ መጨመር በወትሮው በማይፈቀድባቸው አካባቢዎች በልዩ ሁኔታ ፈቀደ። ታዲያ ቦርዶ ውስጥ በሴንት ኤስቴፍ በኩል ሸክላ አፈር ላይ ያለው ካበርኔ ከሥሩ ውኃ እያገኘ ቀስ ብሎ በሰለ፤ ጥሩ ጥሩ ወይን ጠጆችም ወጡ። ጠጠራማና አሸዋማ መሬት ላይ ያለው ግንድ ግን ቅጠሉን ዘጋ፤ ስኳሩ በጠወለገ ፍሬ ውስጥ ተከማችቶ ታኒኑ ጥሬውን ቀረ። ሸክላ ሁሉን ያድናል እንዳይባል ደግሞ በዚያው ቦርዶ ፖምሮል የሚባል አካባቢ አለ፤ ሸክላው ሞልቶ ሳለ ቶሎ የሚበስለው ሜርሎ ሙቀቱን ሊሸከመው አልቻለም።

ሙቀት የሚያበላሸውን ነገር ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ወይን ውስጥ ሁለት ዋና አሲዶች አሉ። ማሊክ የሚባለው በሙቀት ይቃጠላል፣ በተለይ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ፤ ታርታሪክ የሚባለው ብዙም አይነካም። ለዚህ ነው ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ የሚበርድበት ዓመት፣ እንደ ቦርዶ 2010፣ አልኮሉ ከፍ ብሎም ወይን ጠጁ ትኩስነቱን ይዞ የሚቆየው። ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ ሲጨምር ኮምጣጣነቱ ያንሳል) ከ3.8 ሲያልፍ ወይን ጠጁን የሚጠብቀው ሰልፈር ኃይሉን ያጣል፣ ባክቴሪያ ይሠለጥንበታል፣ ቀለሙም ከደማቅ ቀይ ወደ ደብዛዛ ሐምራዊነት ያደላል። ቀለሙ ራሱ ከ35 ዲግሪ በላይ መሠራቱ ይቀንሳል፣ የተሠራውም ይፈርሳል። «ፀሐይ ቀለም ይሰጣል» የሚለው አባባል እስከዚያ ድረስ ብቻ ልክ ነው። ሙቀት ይመጣል ተብሎ ሲተነበይ መስኖ ያለው ሰው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ያጠጣል። ሙቀቱ ከገባ በኋላ ማጠጣት የዘጋውን ቅጠል ቶሎ አይከፍተውም። ዘለላውን ከ20 እስከ 40 በመቶ ብርሃን በሚከለክል መረብ ማጥላት፣ ወይም ካኦሊን የሚባለውን ነጭ ሸክላ ቅጠሉ ላይ መርጨትም ይረዳል። በሴፕቴምበር 2022 መጀመሪያ በናፓ ሙቀቱ ለተከታታይ ቀናት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ አስቀድሞ የለቀመ፣ ውኃ አጠጥቶ የጠበቀና ምንም ያላደረገ ሰው ከአንድ ሸለቆ ሦስት የተለያየ ወይን ጠጅ አግኝተዋል።

ሙቀት የዛሬ እንግዳ አለመሆኑንም ሰንጠረዡ ቢያውቅ ጥሩ ነበር። በቡርጎኝ ባለችው የቦን ከተማ የለቀማ ቀን ከ1354 ጀምሮ ተመዝግቦ ይገኛል። እስከ 1987 ባለው ዘመን ለቀማው በአማካይ ሴፕቴምበር 28 አካባቢ ይጀመር ነበር፤ ከ1988 እስከ 2018 ግን በ13 ቀን ቀድሟል። ቀድሞ «ሞቃት ዓመት» ማለት እምብዛም የማይገኝ ስጦታ ነበር፤ ለዚህም ነው የድሮ የኮከብ ሰንጠረዦች ሙቀትን ያከበሩት። አሁን ግን ሙቀት ሸክም ሆኗል።

ስለ በሽታ በአጭሩ። ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው የቅጠልና የፍሬ በሽታ የሚነሣበትን ለማወቅ ገበሬዎች ሦስት አሥር ይቆጥራሉ፤ ቅርንጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ፣ ዝናቡ 10 ሚሊ ሜትር ሲደርስ የመጀመሪያው ርጭት ጊዜው ነው። መዳብ ቅጠሉ ላይ የሚቀመጥ መከላከያ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ከዝናቡ በፊት ካልተረጨ ዋጋ የለውም፣ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብም ያጥበዋል። በአውሮፓ ኅብረት በሰባት ዓመት ከ28 ኪሎ መዳብ በላይ ለአንድ ሄክታር መጠቀም አይፈቀድም፤ ዝናብ ደጋግሞ በሚያጥብበት ጸደይ ይህ ቶሎ ያልቃል። በ2018 ቦርዶ ላይ ጸደዩ በዚህ በሽታ ያለቀሰ፣ በጋው ግን ያማረ ነበር፤ ስለዚህ ያንን ዓመት «ታላቅ» ያሉትም «ምርቴን አጣሁ» ያሉትም እውነት ተናግረዋል። ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው ደግሞ ዝናብ አይፈልግም፤ ደመናና ሞቅታ ይበቃዋል። መድኃኒቱ ሰልፈር ነው፤ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲረጭ ግን ቅጠሉን ያቃጥላል።

ዘለላ መቀነስን በተመለከተ የጽሑፋችሁ አረፍተ ነገር፣ ምርት ባነሰ ቁጥር ጥራት ይጨምራል የሚለው፣ በግማሹ ልክ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ በሄክታር 5,000 ግንድ፣ በግንድ 10 ዘለላ፣ በዘለላ 150 ግራም ከሆነ 7,500 ኪሎ ይገኛል፤ ለ100 ሊትር ቀይ ወይን ጠጅ 130 ኪሎ ገደማ ስለሚፈልግ ወደ 58 ሄክቶ ሊትር (አንዱ 100 ሊትር ነው) ይሆናል። ይህ ለቀዝቃዛ ዓመት ሊከብድ፣ ለሞቃት ዓመት ሊቀል ይችላል። ፍሬው ገና ጠጣርና አረንጓዴ ሳለ አንድ ሦስተኛውን ዘለላ የቆረጠ ሰው የቀረው ፍሬ አብጦ ያካክስበታል፤ ትንሽ ፍሬ ፈልጎ ትልቅ ያገኛል። የተሻለው ጊዜ ቀለም መያዝ ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነው፤ ሌላው ሲጠቁር አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ የቀረው ዘለላ ተለይቶ ይወርዳል። በሞቃት ዓመት ግን ያን ማድረግ የቀረውን ስኳር ቶሎ ያስሮጠዋል፤ አልኮሉ 15 ደርሶ ዘሩ አረንጓዴ የሆነ ወይን ጠጅ ከዚህ ይመጣል። እንዲህ ባለው ዓመት ሙሉ ጭነቱን መተው ነው ብልህነቱ።

የለቀማው ቀን ሁሉንም ይሰበስባል። ስኳር ለማስላት በሊትር 17 ግራም አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል፤ 240 ግራም ያለው ጭማቂ 14 በመቶ ገደማ ይሆናል። ግን ናሙናው ከተበላሸ ሒሳቡም ይበላሻል። እጅ ሳያውቅ ጠቆር ያለውንና ደረስ የሚለውን ፍሬ ይመርጣል፤ ስለዚህ ስኳሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይነበባል። ከ100 እስከ 200 ፍሬ ከብዙ ግንድ፣ ከመስመሩ ሁለት ጎን፣ ከዘለላው ላይ፣ መካከልና ታች መልቀም፣ የማሳውን ዳር መስመሮች መዝለል፣ ሁልጊዜም ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ማኘክ ነው። ልጣጩ ሲታኘክ ቀለም ይለቃል? ዘሩ ቡናማ ሆኖ እንደ ለውዝ ይሰበራል ወይስ አረንጓዴ ሆኖ ምላስ ይጨመድዳል? ጭማቂው ከልጣጩ በቀላሉ ይላቀቃል? ስኳሩ ከ24 እስከ 25 ብሪክስ (በመቶ ግራም ጭማቂ ውስጥ ያለ የስኳር ግራም) ካለፈ በኋላ ከቅጠል የሚመጣው አዲስ ስኳር ጥቂት ነው፤ ቁጥሩ የሚያድገው ፍሬው ውኃ ስለሚያጣ ነው። «ጥቂት ቀን ይቆይ» የሚለው ሰው ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ብስለት ሳይሆን ዘቢብ ነው።

ዝናብ ሊመጣ ነው ሲባል መወሰን የሚከብደው ዝናቡ የሚያደርሰው ጉዳት ሁለት ዓይነት በመሆኑ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ወርዶ ነፋስ ከተከተለ ፍሬው የጠጣውን በሦስት እስከ አምስት ቀን ያጣዋል፤ መጠበቅ ያዋጣል። ሙቀቱ ሳይበርድ ለሁለት ቀን ከዘነበ ግን ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ግራጫ ሻጋታ ይገባል። ይህ ሻጋታ ጣፋጭ ነጭ ወይን ጠጅ ለሚሠራ ሰው በረከት ሊሆን ይችላል፤ ለቀይ ግን ላኬዝ የሚባል ኢንዛይም ይዞ ይመጣል፣ ቀለሙን ቡናማ ያደርገዋል፣ ሰልፈርም በቀላሉ አይገታውም። ልጣጩ ቀጭን የሆነ ዝርያና ዘለላው የጠበቀ ዝርያ፣ እንደ ፒኖ ኗር፣ ቶሎ ይያዛል፤ ልጣጩ ወፍራም የሆነው ካበርኔ ሶቪኞ ይታገሣል። ካበርኔ ከሜርሎ አንድ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ስለሚበስል በቦርዶ ሁለቱን አብሮ መትከል እንደ ዋስትና ነው፤ ዝናቡ ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚያገኝበት ዓመት ጥቂት ነው።

አንድ ጉዳይ ግን በእርሻ ውሳኔ የማይመለስ አለ፣ ጭስ። የደን ቃጠሎ ጭስ ውስጥ ያሉ ጉዋያኮልን የመሰሉ ውሕዶች በልጣጩ ገብተው ከስኳር ጋር ይተሳሰራሉ። ፍሬው ሲቀመስ ላይታወቅ ይችላል፤ ሲፈላ፣ አንዳንዴም ጠጪው አፍ ውስጥ ገብቶ ነው እስራቱ የሚፈታው፤ የአመድ ጣዕም ይቀራል። ማጠብ አያወጣውም። ቀይ ወይን ጠጅ ከልጣጩ ጋር ስለሚፈላ ከነጩ ይበልጥ ይጎዳል። በ2020 በናፓ ብዙ ጠማቂዎች ቀይ ወይን ጠጅ ጭራሽ ላለማውጣት የወሰኑት ለዚህ ነው። ከአጠራጣሪ ማሳ ጥቂት ኪሎ ለቅሞ በባልዲ አፍልቶ፣ ላቦራቶሪ ልኮ ማስመርመር ሙሉውን ከመልቀም በፊት የሚደረግ ርካሽ ፈተና ነው።

ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚደረገው በማሳ የተበላሸውን አያድንም፣ ሊያባብሰው ግን ይችላል። በቀጭን ዓመት ጠማቂው ጭማቂውን ደጋግሞ ልጣጩ ላይ እያፈሰሰ በ30 ዲግሪ ከጨመቀው ከጥሬ ዘር የሚወጣው ታኒን ያለ ሥጋ አጥንት ይሆናል፤ 25 ዲግሪ አካባቢና ጥቂት ቀን ይሻላል። ጭማቂ ቀንሶ ማጥበቅም ቢሆን የበሰለውን ብቻ አይደለም የሚያጠብቀው፤ ቃሪያውም አብሮ ይጠብቃል።

ሰንጠረዡን እንደገና የምታትሙት ከሆነ በኮከቦቹ ቦታ የአበባው ሳምንት የአየር ጠባይ፣ ከጃንዋሪ እስከ ጁንና ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ለየብቻ የተጻፈ የዝናብ መጠን፣ ከ35 ዲግሪ ያለፉ ቀናት ቁጥርና ፍሬው ቀለም ከመያዙ በፊት ወይስ በኋላ መሆናቸው፣ የሜርሎና የካበርኔ ለቀማ የተጀመረበት ቀን ቢገቡ አንባቢ የራሱን ፍርድ መስጠት ይችላል። ለ2003 ደግሞ «ሸክላ» እና «ጠጠር» የሚሉ ሁለት መስመሮች አድርጉለት፤ በአንድ መስመር ከሚገባ ግን ያንን ዓመት ባትጨምሩት ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የወይን ተክልና የጠመቃ ባለሙያ